እቅፍ፣ ኮሚቴ፣ ከዚያ ዝምታ

መስቀል ፍላወር ካፌ ቁጭ ብላችሁ «ጆርጅ ፍሎይድ» ብትሉ የማያውቀው የእኔ እኩያ አታገኙም። «ሰለሞን ተካ» በሉና ሞክሩ። እኔ የሞከርኩባቸው አብዛኞቹ «ማን ነው?» ብለውኛል።

ስሙ ግን የኛው ነው። ግንቦት 1983 ከሰፈራችን ብዙም ከማይርቀው ቦሌ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ገደማ ወደ እስራኤል ተጓዙ። ልጆቻቸው እዚያ ሲያድጉ ከፖሊስ ጋር የተዋወቁት ግን በቆዳቸው ቀለም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 ደማስ ፓካዳ የሚባል ወታደር፣ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ በፖሊሶች ሲደበደብ በቪዲዮ ታየ። ቴል አቪቭ በሰልፍ ተናወጠች። ጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁ ልጁን ቢሯቸው ጠርተው አቀፉት፤ ፎቶው ዓለምን ዞረ። ዐቃቤ ሕጉ ግን ፖሊሱን ላለመክሰስ ወሰነ።

ቀጥሎ ኮሚቴ መጣ። በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር የተመራው ኮሚቴ በ2016 ባወጣው ሪፖርት ዘረኝነቱ በመንግሥት ተቋማት ውስጥ መኖሩን አመነ። በዚያው ዓመት የፖሊስ ኮሚሽነሩ፣ ፖሊስ ኢትዮጵያውያንን ከሌላው ይበልጥ መጠርጠሩ «ተፈጥሯዊ» ነው አሉ።

ሰኔ 2019 ሰለሞን ተካ ሃይፋ አጠገብ ከሥራ ሰዓቱ ውጪ በነበረ ፖሊስ ጥይት ተገደለ። ወጣቶች መንገድ ዘጉ፤ መኪና ተቃጠለ። ኔታንያሁ ማዘናቸውን ተናገሩ፣ መንገድ መዝጋቱ ይቁም አሉ። ፖሊሱ የተከሰሰው በቸልተኝነት ሰው በመግደል ነው።

የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ስለሆነ ነገሩን በዋጋ ነው የማየው። እቅፍ ርካሽ ነው። ኮሚቴም ርካሽ ነው፤ ጊዜ ይገዛል፣ ቁጣ እስኪበርድ ያቆያል። ውዱ ነገር ፖሊሱን ፍርድ ቤት ማቆም ነው፤ ምክንያቱም ነገ መሣሪያ የሚይዘው ሌላው ፖሊስ ሒሳቡን የሚሠራው ያንን አይቶ ነው። ፍሎይድን የገደለው ፖሊስ 22 ዓመት ከመንፈቅ ተፈረደበት። ዘረኝነት በዚያ አላለቀም፤ ቢያንስ ግን ዋጋው ታወቀ።

«የሰው አገር ወሬ ምን አገባን?» የምትሉ ካላችሁ፣ ምርጫ 97ን አስታውሱ። እኛ ያኔ ሕፃናት ነበርን። አዲስ አበባን ጨምሮ በተነሳው ተቃውሞ 193 ሲቪሎች መሞታቸውን ፓርላማ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ራሱ ቆጥሯል። ለፓርላማ የቀረበው ሪፖርት ግን የተወሰደው ኃይል ከመጠን ያለፈ አልነበረም አለ። ሰብሳቢውና ምክትላቸው አገር ጥለው ወጥተው ተቃራኒውን ተናገሩ። እዚህ የቆዳ ቀለም ጉዳይ አልነበረም፤ የኮሚቴው ጨዋታ ግን ያው ነው።

ስለዚህ ቀጣዩ ቪዲዮ ስልካችሁ ላይ ሲመጣ ሼር አድርጉ፣ አልከለክልም። ፖለቲከኛው ማንን እንዳቀፈ ግን አትቁጠሩ። ከስድስት ወር በኋላ ተመለሱና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ማን ተከሰሰ?