የጠፋው የአባት ቤት ስም

በእኛ አገር አንዲት ልጅ ተወልዳ በአባቷ ስም ከተጠራች፣ ብታገባም፣ ብትወልድም፣ ባሏ ሞቶባት ሌላ ብታገባም፣ የአባቷ ስም እስከ መቃብሯ ድረስ አይለያትም። በጎጃምና በጎንደር የርስት ክርክር በሚነሣበት ጊዜም ሽማግሌዎች ሐረገ ትውልድ የሚቈጥሩት በወንድም በሴትም ወገን እየመዘዙ እስከ ዋናው አባት ድረስ ስለ ነበር፣ የእናት አባት ማን እንደ ሆነ ጠንቅቆ መያዝ የቤተ ዘመዱ ሁሉ ግዴታ ነበረ። በእንግሊዝ አገርና ከእንግሊዝ ፈልሰው በአሜሪካ በሰፈሩት ሰዎች ዘንድ ግን ልማዱ ሌላ ነው፤ ሴቲቱ ከሠርጓ ቀን ጀምሮ የባሏን የቤተሰብ ስም ትይዛለች፣ እንደ ቀድሞው ሕጋቸውም ገንዘቧ በባሏ ሥልጣን ሥር ይገባ ነበር፣ ከዚያም ወዲያ በውልም ሆነ በቤተ ክርስቲያን መዝገብ፣ በፍርድ ቤትም ሆነ በመቃብር ድንጋይ ላይ የምትጻፈው በዚሁ በባሏ ስም ነው። ስለዚህ ከሁለትና ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቿ ልጆች የትውልዳቸውን ሐረግ ሊመረምሩ በተነሡ ጊዜ፣ ከአባት ወደ አያት፣ ከአያትም ወደ ቅድመ አያት ያለ ችግር እየወጡ ከሄዱ በኋላ፣ ከአንዲቱ እናት ዘንድ ሲደርሱ የክርስትና ስሟን ብቻ አግኝተው ይቆማሉ፤ የማን ልጅ ናት ብለው ቢጠይቁም የሚመልስላቸው የለም። ይህን የጠፋ ስም ፈልጎ የማግኘት፣ ሁለትና ሦስት ስም ሲቀርብም እውነተኛውን ከሐሰተኛው የመለየት ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖአልና፣ አሠራሩን ለአንባቢዎቻችን ማስተዋወቅ የሚገባ መስሎናል።

ክርክሩ የሚወለደው ከባዶው ስፍራ ነው። ሰው የቤተሰቡን ሐረግ በወረቀት ላይ ነድፎ አንዲት አያት ያለ አባት ቀርታ ባየ ጊዜ ልቡ አይታገሥም፤ በዚያው ዘመንና በዚያው አውራጃ ስሟ የሚገጥም ሴት በመዝገብ ያገኘ እንደ ሆነ፣ «ይህች ሳትሆን አትቀርም» ብሎ ይጽፋል። ሁለተኛው ጸሐፊ ከእርሱ ሲቀዳ የጥርጣሬውን ቃል ይተወዋል፤ ሦስተኛው ከሁለተኛው ወስዶ በማተሚያ ቤት ያሳትመዋል፤ የልጅ ልጆችም በታተመው መጽሐፍ ተማምነው ለልጆቻቸው ያስተምሩታል። በዚህ ላይ በገንዘብ የተገዛ ሐሰት ተጨመረበት። ከስዊድን ወደ አሜሪካ የሄደው ጉስታቭ አንዡ (1863–1942) ታላላቅ ዘመዶች እንዲኖሯቸው ለሚመኙ ባለጸጎች የትውልድ ሐረግ እየፈጠረ በመሸጥ የታወቀ ሲሆን፣ ከእውነተኛ መዝገብ የወሰደውን ከገዛ ፈጠራው ጋራ እየቀላቀለ ስለ ጻፈው፣ ስንዴውን ከእንክርዳዱ መለየት ከእርሱ በኋላ ለመጡት መርማሪዎች ረዥም ድካም ሆነባቸው። እንግዲህ የዚህ ሙያ መጀመሪያ የምስክሮችን ብዛት አለመቁጠር ነው፤ ዐሥር መጻሕፍት አንድ ስም ቢናገሩ፣ ዐሥሩም ከአንድ መጽሐፍ የቀዱ እንደ ሆነ ምስክሩ አንድ ብቻ ነው፣ ያም አንዱ ቃሉን ከየት እንዳገኘው የማይናገር ከሆነ ምስክር ጨርሶ የለም።

የእንግሊዝ አገር መዝገብ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ እንደ ዘመኑ ይለያያል። በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ጊዜ፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1538 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዘመን ሁሉ እንደዚያው ነው)፣ የንጉሡ ባለሟል ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ እንዲጽፍ አዘዘ፤ በ1598ም በወረቀት የተጻፈው በብራና እንዲገለበጥ፣ ቅጂውም በየዓመቱ ወደ ጳጳሱ እንዲላክ ተደነገገ። ነገር ግን የጥምቀቱ መዝገብ ብዙውን ጊዜ የሕፃኑንና የአባቱን ስም፣ ቢበዛም የእናቲቱን የክርስትና ስም ጨምሮ ያልፋል። በዮርክ የነበረው ካህን ዊልያም ዴድ በ1770ዎቹ የእናቲቱን ወላጆች ጭምር የሚይዝ ሰፊ መዝገብ አዘጋጅቶ ነበር፤ ሊቀ ጳጳሱ ዊልያም ማርክሃምም በ1777 ይህ አሠራር በሀገረ ስብከቱ ሁሉ እንዲለመድ አሳሰበ። ይህ ካህን ላልተወለዱት ሰዎች ያደረገው በጎነት እጅግ የሚያስመሰግነው ነው፤ የሚያሳዝነው ግን ከ1813 ጀምሮ በአገሩ ሁሉ የተሰጠው ወጥ የሆነ የታተመ መዝገብ ለእናቲቱ የአባት ቤት ስም ስፍራ ስላልተወለት መልካሙ ልማድ መቋረጡ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ የመንግሥት የልደት መዝገብ ጁላይ 1 ቀን 1837 ሲጀመር ስሙ እንደገና ተጠየቀ፤ የታተመው ማውጫ ግን የእናቲቱን ስም ማሳየት የጀመረው ከ1911 ሦስተኛው ሩብ ዓመት አንሥቶ ነው። በዚህ ረገድ ስኮትላንዳውያን ይሻላሉ፤ የአጥቢያ መዝገባቸው እናቲቱን አዘውትሮ በአባቷ ቤት ስም ይጠራታል፣ ከ1855 ጀምሮ የሚጻፈው የሞት መዝገባቸውም የሟቹን እናት የቀድሞ ስም እንኳ ይይዛል።

ስሙ የተጻፈበት መዝገብ በተገኘ ጊዜም ጥንቃቄው አያበቃም። መበለት የሆነች ሴት ዳግመኛ ስትዳር በጋብቻው መዝገብ የሚገኘው የሟቹ ባሏ ስም ስለ ሆነ፣ ይህን ያልተረዳ ሰው የመጀመሪያውን ባል ስም እንደ አባቷ ስም አድርጎ ይወስደዋል፤ ለአንዲት ሴት ሁለት ስሞች የተገኙበት ብዙ ክርክርም፣ በኋላ ሲመረመር፣ አንዱ የአባት ሌላው የሟች ባል ስም ሆኖ ያርፋል። አንድ ሰው ተመሳሳይ የክርስትና ስም ያላቸውን ሁለት ሚስቶች በተከታታይ አግብቶ እንደ ሆነም፣ የመጀመሪያይቱ አባት ለሁለተኛይቱ ልጆች አያት ሆኖ ይጻፋል። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ከዚሁ ልማድ ጋራ እየተገናኙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ሴቶች በዚያ አገር ሥርዓት የባላቸውን የቤተሰብ ስም ስለሚይዙ፣ ያ የቤተሰብ ስም ደግሞ በእኛ ዘንድ የባልየው አባት ወይም አያት የተጸውዖ ስም ስለ ሆነ፣ የነገው መርማሪ በአንድ ስም ውስጥ አባትን፣ አማትንና ባልን ለመለየት ይገደዳል።

ስለዚህ ሙያ አንድ ምሳሌ ቢጠየቅ ከኤሊዛቤት ዋረን ታሪክ የሚበልጥ አይገኝም። በ1620 ሜይፍላወር በተባለችው መርከብ ወደ አሜሪካ ከተሻገሩት 102 መንገደኞች አንዱ ሪቻርድ ዋረን ነበረ። ሚስቱንና ልጆቹን በእንግሊዝ ትቶ ሄደ፤ ሚስቱ ኤሊዛቤትም በ1623 አን በተባለችው መርከብ ማርያም፣ አና፣ ሣራ፣ ኤሊዛቤትና አቢጋኤል የተባሉትን አምስት ሴቶች ልጆቿን ይዛ ተከተለችው። በሰፈሩባት በፕሊመዝ ቅኝ ግዛት ናትናኤልንና ዮሴፍን ከወለዱ በኋላ ሪቻርድ በ1628 ሞተ፤ እርስዋ ግን ከዚያ ወዲህ 45 ዓመት ኖራ፣ በሟቹ ባሏ እግር ተተክታ የርስት ባለ መብት ሆና፣ ለአማቾቿ መሬት ሰጥታ፣ ስለ ርስቱም ከገዛ ልጇ ከናትናኤል ጋራ በፍርድ ቤት ተከራክራ፣ ኦክቶበር 2 ቀን 1673 ዐረፈች። የፕሊመዝ መዝገብ ዕድሜዋን ከ90 በላይ ነበረ ይላል። ሰባቱም ልጆች አድገው ስላገቡ ዘራቸው እጅግ በዛ፤ ፕሬዚዳንት ዩሊሰስ ግራንትና ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልትም ከዚሁ ሐረግ ይቈጠራሉ። ይህን ያህል የታወቀች፣ በፍርድ ቤት የቆመች፣ ሞቷ በክብር የተመዘገበላት ሴት ሆና ሳለ፣ የማን ልጅ እንደ ነበረች ከቅኝ ግዛቱ መዝገቦች አንዱ እንኳ አይናገርም።

ዝምታውን ለመሙላት ብዙ ተጣደፉ። ኤሊዛቤት ጁዋት የምትባል፣ ማርሽ የተባለ ሰው መበለት ነበረች የሚል ቃል በትውልድ መጻሕፍት ገብቶ ለብዙ ዘመን ሲገለበጥ ኖረ። በሌላ ወገን፣ በሀርትፎርድሺር አውራጃ በግሬት አምዌል አጥቢያ መዝገብ፣ ሪቻርድ ዋረን የተባለ ሰው ኤሊዛቤት ዎከር የተባለችን ሴት አፕሪል 14 ቀን 1610 ማግባቱ ተጽፎ ይታወቅ ነበር። ዘመኑ ይስማማል፣ የሁለቱም ስም ይስማማል። ነገር ግን ሪቻርድና ኤሊዛቤት በዚያ ዘመን በየመንደሩ የሚገኙ ስሞች ስለ ነበሩ፣ የልጆቻቸውም ጥምቀት በአጥቢያው መዝገብ ስላልተገኘ፣ ጠንቃቆቹ ሊቃውንት ይህን መዝገብ እያወቁት ሳይፈርዱበት ቆዩ። ይህን ትዕግሥት እኔ በኋላ ከመጣው ግኝት አላሳንሰውም፤ ዎከር የሚለውን ስም ያን ጊዜ ቢቀበሉት ኖሮ እውነቱን በአጋጣሚ ይመቱት ነበር እንጂ አውቀውት አይሆንም ነበር።

በዲሴምበር 2002 ኤድዋርድ ዴቪስ የተባለው መርማሪ የኦገስቲን ዎከርን ኑዛዜ አገኘ፤ ሐተታውም በ2003 «ዘ አሜሪካን ጄኔአሎጂስት» በተባለው መጽሔት ታተመ። ይህ መጽሔት ሐረገ ትውልድ በግምት ሳይሆን በመረጃ እንዲጻፍ አጥብቆ የተከራከረው ዶናልድ ላይንስ ጃኮበስ በ1922 የመሠረተው ነው። ኦገስቲን ዎከር በአፕሪል 1613 በተጻፈው ኑዛዜው ልጁን ኤሊዛቤትን የሪቻርድ ዋረን ሚስት ብሎ ይጠራታል፣ ሦስት ልጆቿንም በስማቸው ይዘረዝራቸዋል፤ ማርያም፣ አናና ሣራ ናቸው። ወደ ፕሊመዝ ከመጡት አምስት ልጆች የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ፣ በዚያው ተራ፣ እነዚሁ ናቸው። አንድ ስም ቢገጥም በአጋጣሚ ይሆናል፤ አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች በተራቸው ሲገጥሙ ግን አጋጣሚ ነው የሚለው ሰው የማስረዳቱ ዕዳ በእርሱ ላይ ይወድቃል።

ኑዛዜው ይህን ያህል የከበደበትን ምክንያት ማስተዋል ይገባል። በመጀመሪያ የሚናገረው ሌላ ሰው ሳይሆን አባቷ ራሱ ነው፤ ልጁ ማን እንደ ሆነችና ማንን እንዳገባች በቅርብ የሚያውቅ ምስክር ከእርሱ በላይ የለም። ሁለተኛም ጽሑፉ የተጻፈው ለሐረገ ትውልድ ክብር ሳይሆን ገንዘብን ለባለ መብቱ ለማድረስ ነው፤ ከ400 ዓመት በኋላ ስለሚነሣው ክርክር አንዳች ሳያስብ የተናገረ ሰው ለማንም አያደላም። መርማሪው ግን በዚህ ብቻ አይረካም፣ ዓመቱን ደግሞ ይመዝናል። ከ1610 ጋብቻ እስከ 1613 ኑዛዜ ሦስት ዓመት ነው፤ ሦስት ልጆች ለመውለድ ጠባብ ጊዜ ነው እንጂ የማይቻል አይደለም። ኤሊዛቤት ዎከር በዚያው በሀርትፎርድሺር በምትገኘው በቦልዶክ የተጠመቀችው በሴፕቴምበር 1583 ስለ ሆነ፣ በኦክቶበር 1673 የሞተችው ሴት ዕድሜዋ ልክ 90 ዓመት አልፎት ነበር፤ የፕሊመዙ ጸሐፊ የጻፈውም ይህንኑ ነው። በሁለት አህጉር፣ በማይተዋወቁ ጸሐፊዎች እጅ፣ በ90 ዓመት ልዩነት የተጻፉት ሁለቱ መዝገቦች እንዲህ ተስማሙ። የጁዋት ስምም በዚህ ወደቀ፤ የዎከር ልጅ መሆኗን አባቷ ከመሰከረ በኋላ ያን ስም የሚደግፍ አንዳች ነገር አልቀረለትምና።

የዚህ ሥራ ሥርዓት ዛሬ በጽሑፍ ተወስኗል። በ1964 በአሜሪካ የተመሠረተው የሐረገ ትውልድ ሊቃውንት ማረጋገጫ ቦርድ አንድ ፍርድ ጸንቶ እንዲቆም አምስት ነገር ይጠይቃል፤ ፍለጋው በሚቻለው ሁሉ የተሟላ፣ የእያንዳንዱ ቃል ምንጭ የተገለጠ፣ መረጃው ተመርምሮ እርስ በርሱ የተነጻጸረ፣ የሚቃረነው መረጃ መልስ ያገኘ፣ ውሳኔውም ከነምክንያቱ በጽሑፍ የቀረበ መሆን አለበት። ከአምስቱ የሚከብደው አራተኛው ነው። ሰው የሚወደውን ስም የሚደግፍ መዝገብ ለመሰብሰብ አይሰንፍም፤ የሚቃወመውን መዝገብ ፊት ለፊት አቁሞ ለምን ስሕተት እንደ ሆነ ማስረዳት ግን ፈሪሃ እውነትን ይጠይቃል፣ ማስረዳት ካልቻለም ክርክሩ እንዳልተፈታ ሊናገር ይገባዋል።

ቀጥተኛ ጽሑፍ በማይገኝበት ጊዜ መርማሪው ሴቲቱን ትቶ በዙሪያዋ የነበሩትን ሰዎች ይከተላል። ለጋብቻው የፈረሙት ምስክሮች፣ ልጁን ክርስትና ያነሡት፣ መሬት የሸጡላቸውና በአንድ መርከብ አብረዋቸው የተሻገሩት ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚስቲቱ ወንድሞችና አጎቶች ሆነው ይገኛሉ፤ ለልጅ መካከለኛ ስም ሆኖ የተሰጠ የቤተሰብ ስምም የእናቲቱን አባት የሚጠቁምበት ጊዜ አለ። በዘመናችን ደግሞ ከእናት ወደ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ተጨምሯል፤ ያለ መቋረጥ ከእናት ወደ ሴት ልጅ የወረዱ ሁለት ሐረጎች ሲነጻጸሩ፣ እኅትማማች ናቸው የተባሉት ሁለት ሴቶች በእናት ወገን ሊገናኙ ይችሉ እንደ ሆነ ይገልጣል። በደም ውስጥ ግን ስም አልተጻፈም፤ ስሙን የሚሰጠው ምንጊዜም መዝገቡ ነው።

በዚያችው በሜይፍላወር የመጣችው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የነበረው የዊልያም ብሩስተር ሚስት ማርያም ብሩስተር እንደ ኤሊዛቤት አልቀናትም። ዌንትወርዝ ወይም ዋይረል ናት የሚሉ ግምቶች ለብዙ ጊዜ ሲነገሩ ቢኖሩም፣ አንዱም እስካሁን በመረጃ አልጸናም፤ ስለዚህ ጠንቃቆቹ መጻሕፍት የክርስትና ስሟን ብቻ ጽፈው ቀሪውን ባዶ ይተዉታል። የሪቻርድ ዋረንም ወላጆች አልታወቁም። የኦገስቲን ዎከር ኑዛዜ የሚስቱን አባት ቢገልጥም የእርሱን አልገለጠም፤ ሆኖም በ1613 አማቱ የሀርትፎርድሺር ሰው እንደ ነበረ ስላወቅን፣ አባቱን የሚፈልግ ሰው በዚያው አውራጃና በአዋሳኞቹ የተጻፉትን የዘመኑን ኑዛዜዎች፣ ዋረን የሚል ስም የሌለባቸውን እንኳ ሳይቀር፣ አንድ በአንድ ማንበብ ይኖርበታል።