በአዋሽ ወንዝ ዳር አንድ ቀን

የዱር አራዊትን ለማየት ሁልጊዜ ረዥም ዝግጅትና ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ይልቁንም የሚያስፈልገው አራዊቱ በየትኛው ሰዓትና በምን ምክንያት ወዴት እንደሚሄዱ ማወቅ ነው። በቆላ አገር፣ በተለይም በበጋ ወራት፣ አብዛኞቹ የሚሄዱበት ቦታ አንድ ነው፤ ይኸውም ወንዝ ነው። ሳያስበው በአዋሽ ወንዝ ዳር የዋለ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ይህንን ያስረዳል።

አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በጊንጪ አካባቢ ከሚገኙ ደጋማ ቦታዎች ይመነጫል። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላም ወደ ባሕር ሳይገባ በጅቡቲ ጠረፍ አጠገብ በሚገኘው በአቤ ሐይቅ ያበቃል። በጉዞው መካከል ከመተሐራ ከተማ አለፍ ብሎ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ደቡባዊ ወሰን ይሆናል። ይህ ፓርክ በ1961 ዓ.ም. በሕግ የታወጀ ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አውራ ጎዳና በውስጡ ያልፋል።

በአንድ የጥር ወር እሑድ አባት፣ እናት፣ አያትና ሦስት ልጆች ከአዋሽ ሰባት ከተማ ከዘመድ ሠርግ ወደ አዳማ ይመለሱ ነበር። አሳባቸው ለምሳ ቤታቸው ለመድረስ ነበር። ወደ ፓርኩ በር ሲቃረቡ ግን አያትዮዋ፣ «ይህን በር ስንት ጊዜ አልፈነው እንሄዳለን? ከሠርጉ የተረፈ ዳቦ አለን፤ ዛሬስ ልጆቹ ገብተው ይዩ» አሉ። አባትም መኪናውን አቆመ። የመግቢያውን ሒሳብ ከፍለው፣ አንድ በዕድሜ የገፉ የፓርክ ጠባቂ መንገድ መሪ ሆነውላቸው ገቡ።

ጊዜው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ስለ ነበረ ኢላላ ሳላ የተባለው ሰፊ የሣር ሜዳ ባዶ መስሎ ታያቸው። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጅ ቅር ብሏት፣ «ጋሼ፣ እንስሳቱ የት ሄዱ?» ስትል ጠየቀች። ጠባቂውም፣ «የትም አልሄዱም፤ አንቺ በዚህ ፀሐይ ሜዳ ላይ ትቆሚያለሽ?» ብለው መለሱላትና ከአንድ ግራር ሥር ያለውን ጥላ አሳዩአት። በጥላው ውስጥ ቀንዶቻቸው እንደ ጦር የቀኑ አምስት ሳላዎች ቆመው ነበር።

ሳላ ከበረሃ ኑሮ ጋር በእጅጉ የተስማማ እንስሳ ነው። ሙቀት ሲበረታበት ወዲያው በላብ ውኃ አያባክንም፤ የሰውነቱ ሙቀት ከፍ እንዲል ይታገሣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ ያንኑ ሙቀት ያስወጣል። ቅጠላ ቅጠል ርጥበት በሚይዝበት በሌሊትና በማለዳ ስለሚግጥም ከሚበላው ብዙ ውኃ ያገኛል። ስለዚህ ውኃ ሳይጠጣ ብዙ ቀን ሊቆይ ይችላል። ደፈርሳ የሚባለው ትልቅ አጋዘን መሰል እንስሳ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ብዙ ውኃ የሚሻ በመሆኑ ከወንዝ ርቆ መኖር አይሆንለትም። ሁለቱም የአንድ ፓርክ ነዋሪዎች ሲሆኑ፣ አንዱ በሜዳው፣ ሌላው በወንዙ ዳር የሚውልበት ምክንያት ይኸው ነው።

ቤተሰቡ ከዚያ በኋላ ወደ ወንዙ ወረደ። አዋሽ በዚያ ቦታ ከጥቁር ዐለት ላይ በፏፏቴ ተወርውሮ ጥልቅ ገደል ውስጥ ይገባል። በዳርቻው ያሉት ዛፎች በበጋም ቅጠላቸው አይረግፍም። ምሳቸውን ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ሲበሉ ጦጣዎች ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየዘለሉ ቀረቡ። ትንሹ ልጅ ደስ ብሎት ቁራሽ ዳቦ ሊወረውር እጁን ሲያነሣ ጠባቂው ያዙት። ጦጣ ከሰው እጅ መብላት ከለመደ የዱር ፍሬ መፈለግ ይተዋል፤ ቀጥሎም መንጠቅና መንከስ ይጀምራል፤ በመጨረሻም ሰዎች ይገድሉታል። «ዳቦው ለእሱ ደግነት አይደለም» አሉ ጠባቂው።

ጥቂት ቆይቶ የአሥራ አምስት ዓመቱ ልጅ ለእጅ መታጠቢያ የሚሆን ውኃ ሊቀዳ ባዶ ጀሪካን ይዞ ወደ ወንዙ ወረደ። ከዳሩ አምስት እርምጃ ያህል ሲቀረው ጠባቂው፣ «ቁም!» ብለው ጮኹ። ልጁ ደንግጦ ቆመ። ጠባቂው በጣታቸው ወደ አመለከቱት ቦታ ሁሉም ቢያዩ፣ የበሰበሰ ግንድ የመሰለ ነገር በውኃው ላይ ተንሳፎ ነበር። ሁለት ዓይኖችና የአፍንጫ ቀዳዳዎች ብቻ ይታዩ ነበር። ግንድ የመሰለውም ነገር ድምፅ ሳያሰማ ወደ ውስጥ ሰመጠ። እናት ልጅዋን ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችው፤ ለረዥም ጊዜም ማንም አልተናገረም።

አዞ ዓይኖቹና አፍንጫው በራሱ አናት ላይ ስለ ሆኑ ሌላው አካሉ በውኃ ተሸፍኖ ሳለ ያያል፤ ይተነፍሳልም። በፀሐይ ተኝቶ አፉን የሚከፍተው የራሱን ሙቀት ለማብረድ ነው እንጂ ለማስፈራራት አይደለም። አዳኝ እንደ መሆኑ ግን ትዕግሥቱ ከፍተኛ ነው። እንስሳትና ሰዎች ዘወትር የሚወርዱበትን ቦታ ለይቶ እዚያ ይጠብቃል። ስለዚህ አዞ ባለበት ወንዝ ከውኃው ዳር መራቅ፣ ልጆችን ብቻቸውን አለመላክና ውኃ በተመደበው ቦታ ብቻ መቅዳት የግድ ያስፈልጋል።

ከአሥር ሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል ወንዙ ዳር ሌላ መልክ ያዘ። ቤተሰቡ ከገደሉ አፋፍ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጦ ተመለከተ። በመጀመሪያ ዝንጀሮዎች በዐለቱ መካከል ወረዱ። በአዋሽ አካባቢ ሁለት ዓይነት ዝንጀሮዎች ስለሚገናኙ ከሁለቱ የተወለዱ ድቅሎች ይገኛሉ። ቀጥሎ ከርከሮዎች ጭራቸውን አቁመው መጡ። በመጨረሻም ሁለት ደፈርሳዎች አንድ እርምጃ እየተራመዱ፣ አንድ ጊዜ እየቆሙ ቀረቡ። አንዱ ሲጠጣ ሌላው ይጠብቅ ነበር።

ወዲያው ከማዶ የከብቶች ድምፅ ተሰማ። አንድ እረኛ ከብቶቹን ለማጠጣት ሲያወርድ ደፈርሳዎቹ ሮጠው ከጥሻው ገቡ። አባት ተናዶ፣ «ለምን አይከለከልም?» አለ። ጠባቂው ጥቂት አሰብ አድርገው፣ «እኔም የከብት ጠባቂ ልጅ ነኝ። ይህ ቦታ ፓርክ ሳይሆን በፊት የአባቶቻችን የበጋ ግጦሽ ነበር። ሜዳው ሲደርቅ የኛም ከብት የሚያውቀው ይህንኑ ወንዝ ነው» ሲሉ መለሱ።

የጠባቂው መልስ ጉዳዩን በትክክል ያሳያል። ከረዩዎች፣ ኢቱዎችና አፋሮች በዚህ ቆላ ከብቶቻቸውንና ግመሎቻቸውን ይዘው ለረዥም ዘመን ኖረዋል። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ከተሠራ በኋላ በወንዙ ዳር ሰፋፊ የሸንኮራ አገዳና የጥጥ እርሻዎች ተስፋፉ። ፓርኩም ተከለለ። እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ጥቅም ቢኖረውም፣ ለእረኛውና ለአራዊቱ የቀረው የወንዝ ዳር ግን እየጠበበ ሄደ። ስለዚህ አራዊቱን መጠበቅ የሚቻለው ሰውን በማራቅ ብቻ ሳይሆን፣ እረኛው ከብቱን የት ሊያጠጣና ሊያሰማራ እንደሚችል አብሮ በማሰብ ነው።

ፀሐይ ስትጠልቅ ቤተሰቡ ወደ መኪናው ተመለሰ። እረኛው ከብቶቹን አጠጥቶ ሲሄድ፣ ደፈርሳዎቹ ከጥሻው ወጥተው ወደ ውኃው እንደገና ሲወርዱ ልጆቹ አዩ። አያትዮዋም፣ «ተራቸውን ጠበቁ» አሉ። ያልጠጣው ጀሪካኑን ይዞ የወረደው ልጅ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን ወንዙ የማን እንደሆነ በዚያን ቀን ከሁሉ ይልቅ ተረድቶ ነበር።