መርከብ መግዛት ሌላ፣ መርከብ ማኖር ሌላ

ደሴ ተቀምጦ ስለ ባሕር ኃይል ማውራት ለልጆች ተረት ይመስላቸዋል። ለአያቶች ግን አይደለም፤ በኮምቦልቻና በባቲ አድርጎ አሰብ የሚወርደውን መንገድ በጭነት መኪና የተመላለሱበት ብዙ ናቸው።

በእነርሱ ዘመን የባሕር ኃይሉ ኩራት «ኢትዮጵያ» የምትባል መርከብ ነበረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ የሠራቻት፣ 95 ሜትር ገደማ የምትረዝም መርከብ ስትሆን፣ በ1954 ዓ.ም. በውሰት ለአገራችን ተሰጠች። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ጣጣው ከርክክቡ በኋላ ነው የሚመጣው። የቀይ ባሕር ውኃ ሞቃትና ጨው የበዛበት ነው፤ ብረት ይበላል። በመርከቧ ሆድ ላይ ዛጎል ለባሽ ፍጥረታት ተለጥፈው ነዳጅ ያስፈጃሉ። ስለዚህ በየጥቂት ዓመቱ ከውኃ ወጥታ መፋቅ፣ መበየድና መቀባት አለባት። የንግድ መርከቦች እንኳ በ5 ዓመት ውስጥ 2 ጊዜ ሆዳቸው እንዲመረመር ዓለም አቀፍ ደንብ ያስገድዳል።

ምጽዋ በየካቲት 1982፣ አሰብ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሲያዙ መርከቦቹ ወደ የመን ሸሹ። «ኢትዮጵያ» በ1985 ዓ.ም. ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። የቀሩት ጅቡቲ ገብተው እየተበላሹ ሄዱ፤ የወደብ ክፍያም የሚከፍልላቸው ጠፋ። በመስከረም 1989 ዓ.ም. ጅቡቲ ለጨረታ አወጣቻቸው። እርግጥ መነሻው ጦርነቱ ነው። መጨረሻቸውን የወሰነው ግን ያልተከፈለ ሒሳብ ነው።

ገንዘብ ያለውም ቢሆን ካላቀደ አይቀናውም። የአሜሪካ መንግሥት የኦዲት መሥሪያ ቤት እንዳወጣው፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2019 ሊያልቁ ከታቀዱ 51 የአውሮፕላን ተሸካሚና የባሕር ሰርጓጅ መርከብ ጥገናዎች 38ቱ ዘግይተዋል፤ መዘግየቱ ሲደመር 7,424 ቀን ነው። ከዋና ዋና ምክንያቶቹ አንዱ በዕቅዱ ያልነበረ ሥራ መምጣቱ ነው። ቆርቆሮ ለመቀየር ጣሪያ ያስነሳ አባወራ ማገሩን በስብሶ ሲያገኘው እንደሚሆነው ማለት ነው። ሌላው የሠራተኛ እጥረት ነው።

የኮምቦልቻ ብልህ ባለመኪና ከእያንዳንዱ ምልልስ ለጎማና ለሞተር ዘይት ቆርጦ ያስቀምጣል። ያቺ ገንዘብ ለሠርግም ለበዓልም አትነካም። የመርከብም ጥገና እንዲሁ መርከቧ ስትገዛ አብሮ በጀት ሊያዝለት፣ ሌላ ወጪ በመጣ ቁጥር እንዳይነካ ሊደረግ ይገባል።

በ2011 ዓ.ም. ባሕር ኃይሉን መልሶ ለማቋቋም ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። ዛሬ የልጅ ልጅዎ «ባሕረኛ እሆናለሁ» ቢልዎ አይሳቁበት። እኔ ግን መርከቦቹ ስንት ናቸው ከማለቴ በፊት፣ ወደብ በሌለን አገር ለጥገና ከውኃ የሚወጡት የት ነው፣ ሒሳቡስ በየዓመቱ ከየትኛው በጀት ይከፈላል ብዬ እጠይቃለሁ።