ጠጅን በቱቦ ስለመቅዳት

ጠጅ በሚገባ ተጥሎ ከደረሰ በኋላ በአቀዳድ ጉድለት ሊበላሽ ይችላል። በጣሳ እየተጨለፈ ሲቀዳ አምቡላው ይናወጣል፤ አየርም ይገባበታል። አልኮልን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች አየር ይፈልጋሉና ጠጁ ቶሎ ይሆመጥጣል። ስለዚህ በቱቦ መቅዳትን እንመክራለን።

የቱቦ ምርጫ፦ ለምግብና ለመጠጥ ተብሎ የተሠራ፣ ውስጡ የሚታይ፣ የቀዳዳው ስፋት ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ ይመረጣል። በአትክልት ማጠጫ ጎማ ወይም ነዳጅ በተቀዳበት ቱቦ መጠቀም አይገባም፤ አልኮሉ ከውስጡ ለጤና ጎጂ የሆነ ነገር ይዞ ሊወጣ ይችላል።

አገጣጠም፦ ጋኑ ከመቀበያው ዕቃ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ቱቦው በንጹሕ ዘንግ ላይ ይታሰር፤ ዘንጉ ከቱቦው አፍ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አልፎ የጋኑን ወለል ይንካ። አምቡላው ወፍራም ከሆነ ርቀቱን መጨመር ያስፈልጋል።

አቀዳድ፦ በአፍ መሳብ ጠጁን ለጀርም ያጋልጣል። በዚህ ፈንታ ቱቦውን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ሞልቶ፣ ሁለቱን ጫፎች በታጠበ ጣት ደፍኖ፣ አንዱን ጠጁ ውስጥ ነክሮ፣ ሌላውን ዝቅ አድርጎ መልቀቅ ነው። መጀመሪያ የሚወርደው ውኃ በሌላ ዕቃ ይወገድ። ጠጁ መውረድ ሲጀምር የቱቦው ጫፍ የመቀበያውን ወለል እንዲነካ ማድረግ አየር እንዳይገባ ይረዳል። በቱቦው ውስጥ ድፍርስ ሲታይ መቅዳቱ ይቁም።

አያያዝ፦ ቱቦው ሥራው እንዳበቃ በለብታ ውኃ ታጥቦ፣ ተንጠልጥሎ ይድረቅ። ሽታ የያዘ ወይም የተሰነጠቀ ቱቦ ቢታጠብም አይጠራምና መለወጥ አለበት።