እጃችን ከ“ውይ!” በፊት ለምን ይሸሻል?

እንጀራ እየጋገራችሁ ጣታችሁ የጋለ ምጣድ ነክቶ ያውቃል? እጃችሁ ቀድሞ ይሸሻል፤ “ውይ!” የምትሉት ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ እንደ መርፌ የሚወጋ ህመም ይመጣል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የሚለበልብና ቶሎ የማይለቅ ሌላ ህመም ይከተላል።

የዚህ ሁሉ መገናኛ ህብለ ሰረሰር ነው፤ በዕብራይስጥ ሑት ሀሺድራ የምንለው። ርዝመቱ 45 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ብዙዎቻችን መልእክት ወደ አንጎል የሚያደርስ ሽቦ ይመስለናል። ሽቦ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን እጃችን ከ“ውይ!” በፊት አይሸሽም ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ከቆዳ ነው። በቆዳችን ውስጥ ባሉት የነርቭ ጫፎች ላይ ሙቀት ሲበዛ የሚከፈቱ የፕሮቲን በሮች አሉ። ከእነሱ አንዱ ትሪፕ ቪ 1 ይባላል፤ ሙቀቱ 43 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ይከፈታል። የሚገርመው፣ በርበሬና ሚጥሚጣ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የሚባለው ንጥረ ነገርም ይኸንኑ በር ይከፍተዋል። ስለዚህ ሚጥሚጣ በልተን “አቃጠለኝ” ስንል ለአነጋገር ያህል አይደለም፤ ነርቩ የሚልከው የእሳት መልእክት ነው። ዴቪድ ጁልየስ ይህን በር ያገኘው በካፕሳይሲን ተጠቅሞ ሲሆን፣ በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል።

መልእክቱ በሁለት ዓይነት የነርቭ ክር ይጓዛል። አንደኛው ስስ ሽፋን ስላለው በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ውጋት የእሱ ነው። ሽፋን የሌለው ሁለተኛው ግን በሰከንድ 1 ሜትር ገደማ ስለሚያዘግም ማቃጠሉን ዘግይቶ ያደርሳል።

ሁለቱም ህብለ ሰረሰር ውስጥ የሚገቡት በጀርባ በኩል ነው። ህብለ ሰረሰርን በአግድም ብንቆርጠው መሃሉ ላይ ቢራቢሮ የሚመስል ግራጫ ክፍል እናያለን፤ መልእክቱን የሚቀበሉት የነርቭ ሕዋሶች በቢራቢሮው የኋላ ክንፎች ውስጥ አሉ። አንዳንዶቹ ወሬውን እዚያው ጡንቻን ለሚያዙ ሕዋሶች ስለሚያቀብሉ እጅ አንጎልን ሳይጠብቅ ይሸሻል። አንዳንዶቹ ደግሞ መልእክቱን ያፍናሉ። የተመታ ጉልበታችንን ስናሸው ቀለል የሚለን፣ የመነካትን ስሜት የሚያመጡት ወፍራም ክሮች እነዚህን አፋኞች ስለሚያነቃቁ ነው የሚለውን ሐሳብ ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል በ1965 አቀረቡ። ዝርዝሩ በኋላ ቢታረምም ዋናው ነገር ጸንቷል፦ ህመም ገና አንጎል ሳይደርስ ሊቀንስም ሊጨምርም ይችላል።

ወደ አንጎል የሚልኩት ሕዋሶች አንድ እንግዳ ነገር ያደርጋሉ። ክራቸው እዚያው አካባቢ መሃሉን አቋርጦ ወደ ተቃራኒው ጎን ይሻገርና ታላመስ ወደሚባለው የአንጎል ክፍል ይወጣል። የቀኝ እጅ ህመም በግራ በኩል ይወጣል ማለት ነው። የመነካት ስሜት ግን በአብዛኛው የሚሻገረው ከላይ፣ አንጎል ሥር ከደረሰ በኋላ ነው። ሲሪንጎማይሊያ በሚባል ብዙም በማያጋጥም በሽታ በህብለ ሰረሰር መሃል ፈሳሽ የሞላበት ክፍተት ይፈጠርና የሚሻገሩትን ክሮች ይጎዳል። ሰውየው ብርጭቆ መያዙን ያውቃል፤ ትኩስ መሆኑን ግን አያውቅም። እጁ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ እያለ “አላመመኝም” ይላል።

ከአያቶቻችን ጋር ኩፓት ሆሊም ስንሄድ አስተርጓሚዎቹ እኛ ነን። እማማ ይወጋኛል፣ ይለበልበኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ደነዘዘኝ ይላሉ፤ እኛ አራቱንም “ኮኤቭ ላ” ብለን እናልፋለን። እኔም አድርጌዋለሁ። ለሐኪሙ ግን አራቱ አንድ አይደሉም። በተለይ “ደነዘዘኝ” ጭራሹን የስሜት መጥፋት ሊሆን ይችላል፤ ስኳር ያለባቸው ሰዎች እግር ላይ ይህ የሚመጣው ከህብለ ሰረሰር ሳይሆን ብዙ ጊዜ ከራሳቸው ከእግር ነርቮች ነው። እንግዲህ ከመተርጎማችሁ በፊት ጠይቋቸው፦ ስነካዎት ይሰማዎታል? ሙቅና ቀዝቃዛ ይለያሉ? በአንድ ጎን ነው ወይስ በሁለቱም? የመለሱላችሁን ሳታሳጥሩ ለሐኪሙ ንገሩት፤ የዕብራይስጡ ቃል ቢጠፋባችሁ ቦታውን በጣት አሳዩት።