ቶዮታ በመካነ ሰላም አቀበት፦ ጥንካሬው ለባለቤቱ፣ መንገጫገጩ ለተሳፋሪው

ከደሴ መካነ ሰላም 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካርታ ላይ ሲያዩት የግማሽ ቀን መንገድ ይመስላል። የጉጉፍቱን አቀበት ወጥቶ፣ የለጋምቦን ውርጭ አቋርጦ፣ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም ያለችበት ቦረና ወረዳ የሚገባ ሹፌር ግን መንገዱን የሚለካው በባሌስትራ፣ በፍሬን ሸራና በጎማ ነው። መስመሩ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ደጋ ይረግጣል፤ ከመካነ ሰላም ወዲያ ደግሞ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ወርዶ በመርጡለ ማርያም በኩል ጎጃም ይወጣል። እህሉንና ሲሚንቶውን አይሱዙ ይጭነዋል። ሰው ሲሆን ግን ነገሩ በአመዛኙ የቶዮታ ነው፤ ሚኒባሱ ዶልፊን ወይም አባዱላ የሚባለው ሃይኤስ፣ አምቡላንሱ ላንድክሩዘር፣ የመሥሪያ ቤቱና የእርዳታ ድርጅቱ ፒካፕ ሃይሉክስ።

ሃያ ዓመት ያለፈው ቶዮታ፣ በዕድሜ በጣም የሚያንሰው የሌላ ፋብሪካ መኪና የሚያወጣውን ዋጋ ሲጠራ መስማት በኢትዮጵያ የተለመደ ነው። ገዢው ለዚህ ሁሉ ብር ምን እያገኘ ነው? «ሞተሩ አይሞትም» የሚለው መልስ እውነት አለው፤ ሂሳቡን ግን ግማሽ ያደርሰዋል እንጂ አይዘጋውም። የመካነ ሰላሙ ባለንብረት ከብረቱ ጋር አብሮ የሚገዛቸው ሌሎች ነገሮች አሉ። አንዱ በየከተማው የሚገኝ መካኒክ ነው፤ ሌላው ከመርካቶ ተልኮ የሚደርስ መለዋወጫ፤ ሦስተኛው በቸገረ ቀን ወዲያው የሚሸጥበት ገበያ። በአገራችን የመኪና ጥንካሬ የሚባለው የእነዚህ ሁሉ ድምር ነው። ምቾት ግን በድምሩ ውስጥ አልገባም፤ ያልገባበትም ምክንያት ኢኮኖሚያዊ ነው።

ያገለገለ መኪና ገበያ በምጣኔ ሀብት ትምህርት ውስጥ ስመ ጥር ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት፣ ሻጩ የመኪናውን ጉድ እያወቀ ገዢው በማያውቅበት ገበያ ገዢው ሁሉንም መኪና እንደ ብልሹ ቆጥሮ ዋጋ እንደሚሰብር፣ በዚህም የተነሳ ደህና መኪና ያለው ሰው ከገበያው እንደሚሸሽ አሳየ። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት አንዱ ነው። ገዢ ከዚህ ጥርጣሬ የሚያመልጥበት መንገድ ካለ፣ ሁሉም የሚያውቀው ስም ያለውን መኪና መግዛት ነው። ደሴ ላይ ሚኒባስ የሚገዛ የቦረና ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ደላላው ስለ ቶዮታ ሊዋሸው የሚችለው በልክ ነው፤ ይዞት የመጣው መካኒክ ሻንሲው የተበየደ መሆኑን፣ ሞተሩ ዘይት ማቃጠል አለማቃጠሉን፣ ካምቢዮው መጮህ አለመጮኹን በግማሽ ሰዓት ይነግረዋል። ብዙም ያልተለመደ መኪና ቢሆን ያው መካኒክ ቦኔቱን ከፍቶ ዝም ይላል። የዚያ ዝምታ ዋጋ በቶዮታው ላይ ተጨምሮ ይከፈላል።

የብረቱም ነገር ቢሆን ቀላል አይደለም። በደጋው አምቡላንስና በእርዳታ ድርጅት መኪና ዘንድ የተለመደው ላንድክሩዘር 70 የሚባለው ዝርያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ወጣ፣ መሠረቱም እስካሁን አልተቀየረም። በብዛት የሚነሳው ሞተሩ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ነው። የናፍጣ ፖምፓው በሜካኒካል መንገድ ይሠራል እንጂ ኮምፒውተር አያዘውም፤ ለዚህም ነው መፍቻና ልምድ ያለው ሰው የትም ቦታ ሊያስነሳው የሚችለው። ሎንግ ቤዙ ሁለት የነዳጅ ጋን አለው፤ ሁለቱ ተደምረው 180 ሊትር ይይዛሉ። ነዳጅ ማደያው ሲደርቅ የሁለተኛው ጋን ጥቅም ለወረዳ ሹፌር አይነገርም።

ይሁን እንጂ ይኸው ሞተር ደጋ ላይ ይደክማል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል፤ የሚተነፍሰው አየር እየሳሳ ይሄዳላ። ስለዚህ ፋብሪካው 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ የሰጠው ሞተር ጉጉፍቱ አናት ላይ ሲደርስ የቀረው 90ውን ቢሆን ነው። ባለቤቱ ይህንን የሚያውቀው በሁለተኛ ማርሽ እየተጎተተ አቀበቱን ሲወጣና ከኋላው የተሰለፈው መኪና ክላክስ ሲያደርግበት ነው። እንደዚያም ሆኖ ቅሬታው አይጠናበትም፤ መኪናው መድረሱን አይጠራጠርምና።

እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ የተሠሩት አባዱላዎች ላይ ምርጫው ይበልጥ ይወጠራል። ከእነዚህ ውስጥ ቱርቦ ያለው 2.5 ሊትር ናፍጣ ሞተር የተገጠመላቸው አቀበት ላይ ከአሮጌው ዶልፊን ይሻላሉ፤ ቱርቦው የሳሳውን አየር ጨምቆ ይሰጣቸዋል። በምትኩ ንጹሕ ናፍጣ ይፈልጋሉ። ውሃ ወይም ቆሻሻ የገባበት፣ በበርሜል ተቀድቶ የተሸጠ ናፍጣ ኢኒየተራቸውን ይበላዋል፤ ኢኒየተሩን ለመመርመርም መሣሪያ ያለው ጋራዥ ያስፈልጋል፤ ያ ጋራዥ ደግሞ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ እንጂ አጠገብ አይገኝም። ልምድ ያለው ባለንብረት «ቱርቦ የሌለውን ስጠኝ» የሚለው ፍጥነት ጠልቶ ሳይሆን የጥገናውን ርቀት አስልቶ ነው።

ይህ ርቀት በብር ይተረጎማል። ለምሳሌ አንድ ሚኒባስ ወጪው ተቀንሶ ለባለቤቱ በቀን 3,000 ብር ያስገባል እንበል። ኩሽኔታ ተበላሽቶ ዕቃው በማግስቱ ከደረሰ ኪሳራው የሁለት ቀን ገቢ ነው፤ 6,000 ብር። ዕቃው አዲስ አበባ ላይ ጠፍቶ ከዱባይ ይምጣ ከተባለና መኪናው ሦስት ሳምንት ከቆመ፣ የኩሽኔታው ዋጋ ራሱ ተረስቶ 63,000 ብር ከኪስ ወጥቷል። በዚህ ላይ የዕቁቡ ዕጣ ደርሶት መኪናውን የገዛ ሰው መኪናው ቆመ ብሎ ዕቁቡን መጣል አይችልም። የቶዮታ ዕቃ ግን መርካቶ ሶማሌ ተራ ላይ ኦሪጅናሉም፣ የተፈታውም፣ የቻይናውም በየዋጋው ተደርድሮ ይገኛል፤ ስልክ ተደውሎ፣ ገንዘብ ተልኮ፣ ካርቶኑ ደሴ በሚመጣ አውቶቡስ ላይ ይጫናል። ከ2015 ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ይህ ሰንሰለት ይበጠሳል፤ ያኔም ቢሆን ከሌላ ከቆመ ቶዮታ ፈትቶ መበደር ይቻላል።

የስሙ ትልቅነት አታላይም ይጠራል። የቶዮታ ጽሑፍ ያለበት ካርቶን ውስጥ የገባ ፎርጅድ የዘይት ፊልትሮ ወይም የፍሬን ሸራ ከኦሪጅናሉ በዓይን አይለይም፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ወደ ዓባይ ሲወረድ ነው።

ወደ ምቾቱ ሲመጣ ጨዋታው ይቀየራል። ሚኒባሱ ከኋላ የተቀመጠበት ባሌስትራ ጭነት እንዲሸከም የተሠራ ነው። ባዶውን ሲሄድ ይዘላል፤ ሰው ሲሞላ ረጋ ይላል። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ትርፍ ሲጭን የሚያቀርበው ማሳመኛ ሳይቀር ከዚህ አይርቅም፤ በኋለኛው ወንበር ጉልበቱ አገጩን የነካው ተሳፋሪ ግን አይስማማም። ሞተሩ ያለው ከፊት ወንበሮች ሥር ነው። በለጋምቦ ውርጭ ጋቢና የተቀመጠ ሰው ከታች በሚመጣው ሙቀት ይታደላል፤ ያው ሰው ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ወንበሩ እሳት ይሆንበታል። ከኋላ በተንሸራታቹ በር ስንጥቅ የሚገባው አቧራ ነጠላውን መልኩን ያስለውጠዋል። ፖርቶመጋላው ላይ ደግሞ የጤፍ ጆንያ፣ የውሃ ጄሪካንና የታሰረ በግ አለ፤ ጭነቱ ከፍ ባለ መጠን መኪናው ኩርባ ላይ ያዘነብላል።

ባለቤቱ ይህንን ለምን አያስተካክልም? ስለማይከፈለው። የሕዝብ ማመላለሻ ታሪፍ የሚወጣው በርቀት፣ በመንገዱ ዓይነትና በተሽከርካሪው ደረጃ ነው፤ ለስላሳ ወንበር የገጠመና ሽቦው የወጣ ወንበር የያዘ ሚኒባስ ከመናኸሪያ በተራቸው ወጥተው እኩል ያስከፍላሉ። ተሳፋሪውም አይመርጥም፤ ተራ የደረሰው መኪና ላይ ይሳፈራል። ከአዲስ አበባ ደሴ ባለው መስመር እንደ ሰላም ባስና ስካይ ባስ ያሉት ከመደበኛው ከፍ ያለ ዋጋ እየጠየቁ ስለሚሠሩ ዘንበል የሚል ወንበር አምጥተዋል። ምቾት ዋጋ ሲወጣለት አቅራቢ ያገኛል። በመካነ ሰላም መስመር ዋጋ አልወጣለትም፤ ባለንብረቱም ገንዘቡን የሚያፈሰው ራሱ በሚጠቀምበት ነገር ላይ፣ ማለትም ባለመቆም ላይ ነው።

በእርዳታ ድርጅቶችም ዘንድ ሂሳቡ ይመሳሰላል። ለተባበሩት መንግሥታትና ለግብረ ሰናይ ድርጅቶች የሚሄዱ ቶዮታዎችን በብዛት የሚያቀርበው መቀመጫው ጂብራልታር የሆነ ድርጅት ሲሆን፣ ሥራው የታወቀውን ላንድክሩዘር ለዚሁ አገልግሎት አዘጋጅቶ መላክ ነው። ገዢው ጄኔቫ ወይም ኒውዮርክ ተቀምጦ የሚመዝነው የመኪናውን ዕድሜና መልሶ የሚሸጥበትን ዋጋ ነው። ምጥ ይዟት ከአጎራባቹ ሳይንት ገጠር በቃሬዛ እስከ መንገድ፣ ከመንገድ በአምቡላንስ እስከ ሆስፒታል የምትሄድ እናት ባሌስትራውን አልመረጠችም። ያም ሆኖ እሷ ዘንድ የመጀመሪያው ጥያቄ መኪናው ይመጣል ወይ ነው፤ ላንድክሩዘሩ የሚወደሰውም እዚህ ላይ ነው።

መንግሥት በሁለት እርምጃዎች ይህን ገበያ ነካክቶታል። የመጀመሪያው የካቲት 2012 የጸደቀው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ነው። ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገለ የቤት መኪና ላይ ከ400 በመቶ የሚበልጥ፣ በትልልቅ ሞተሮች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ኤክሳይስ ጣለ። በወቅቱ የነበረውን 35 በመቶ ጉምሩክ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶ ሱር ታክስ ደምሮ ላሰላ ሰው፣ 100 ብር ተገምቶ የገባ አሮጌ የቶዮታ ቪትዝ ከቀረጥ በኋላ ከ850 ብር በላይ ሆነ። ሁለተኛው በጥር 2016 ይፋ የሆነው፣ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ የሚከለክለው ውሳኔ ነው።  

የሁለቱ እርምጃዎች ድምር ውጤት አገር ውስጥ ያለው ቶዮታ ተተኪው እንዲቀንስ ማድረጉ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከ58 ብር በታች የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ የመኪናም የመለዋወጫም ዋጋ ተከትሎ ወጣ። በሐምሌ 2014 ሊትሩ 49 ብር ገደማ የነበረው ናፍጣም በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 99 ብር ተጠጋ። በሌላው ዓለም መኪና ከፋብሪካ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ዋጋው ይወርዳል። እዚህ ግን አሮጌ ሚኒባሱን ለዓመታት ሠርቶበት ከገዛበት በላይ የሸጠ ሰው አይጠፋም። ትርፉ ግን አታላይ ነው፤ በሸጠበት ብር ተመሳሳዩን መልሶ ለመግዛት ሲሞክር ብሩ አይበቃውም።

የኤሌክትሪኩ መኪና እዚህ ሂሳብ ውስጥ እንዴት ይገባል? በአዲስ አበባ ጎዳና ቢዋይዲ፣ የቮልስዋገን አይዲ 4፣ ከራሱ ከቶዮታም ቢዜድ 4 ኤክስ እየተለመዱ ነው። በቴክኒክ ረገድ ደጋው ለኤሌክትሪክ መጥፎ አይደለም። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ጉጉፍቱ ላይ ጉልበት አያጣም፤ ወደ ዓባይ ሲወርድም በፍሬን ሸራ ፈንታ ራሱን እያሰረ ከፊል ኃይሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። አሮጌው ላንድክሩዘር በሚሸነፍበት አቀበት እሱ ያሸንፋል ማለት ነው። የጎደለው በመንገዱ ላይ የማይቋረጥ የኃይል መሙያ፣ ባትሪ ከፍቶ የሚያይ ባለሙያና ያገለገለውን የሚገዛ ሰው ነው። ቶዮታ ለራሱ እንዲህ ያለ የመካኒክ፣ የመለዋወጫና የገበያ ሰንሰለት ለመገንባት በኢትዮጵያ አሥርተ ዓመታት ወስዶበታል፤ በወኪሉ በሞኤንኮ በኩል ብቻ ሳይሆን ሠርተው በለመዱ መካኒኮችና በሶማሌ ተራ ነጋዴዎች እጅ ጭምር።

በዚህ ምክንያት በመስመሩ ላይ ያሉ ባለንብረቶች ለሚቀጥሉት ዓመታት ያላቸው አማራጭ ሞተር አስወርዶ ማሠራት ነው። የተሠራው ሞተር ስንት እንደሚያስኬድ የሚወስነው በመለዋወጫ ላይ ያለው ቀረጥና የዕቃው ትክክለኛነት ነው፤ ፖሊሲው በነዳጅ የሚሠራ መኪና መግቢያን ካጠበበ ያለው መኪና በደህና ዕቃ እንዲጠገን ማድረግ የተሳፋሪው የደኅንነት ጉዳይ ይሆናል። ለውጡ ደጋው ላይ መድረሱን ለማወቅ ደግሞ ከገቢ ዕቃ ቁጥር ይልቅ የደሴን ደላሎች መስማት ይበጃል። ሦስት ዓመት የሠራ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ቀርቦላቸው ሳያቅማሙ ዋጋ መጥራት ከጀመሩ፣ የመካነ ሰላሙ ባለንብረት ዕቁቡ ሲደርሰው አባዱላውን ለመተው የሚያበቃ ምክንያት አገኘ ማለት ነው።