ኮቦ፤ በከፋ ጫካ የአባትና የአያት ትምህርት

በከፋ አገር አባት ለልጁ ከሚያስተምረው ብዙው በቃል ተነግሮ የሚያበቃ አይደለም፤ በጫካ ውስጥ እየተሄደ የሚታይ ነው። ይኸንንም በቦንጋ ዙሪያ በሚታወቀው «ኮቦ» በተባለው ልማድ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ኮቦ አንድ ቤተሰብ ከአያት ከቅድመ አያት የወረሰው የጫካ ይዞታ ነው። ይዞታው ቀፎ ለመስቀልና ኮረሪማ ወይም ጥምዝ ለመልቀም ነው እንጂ ዛፉን መንጥሮ ለማረስ አይደለም። ሌላ ሰው በዚያ ቀፎ ለመስቀል ቢፈልግ ባለ ኮቦውን ያስፈቅዳል። ወሰኑ ወንዝ፣ ሸንተረር ወይም የታወቀ ትልቅ ዛፍ ሲሆን በወረቀት የተጻፈ አልነበረም። ስለዚህ ልጁ አባቱን እየተከተለ ወሰኑን በእግሩ ካልተማረ ወረሰ ለማለት ያስቸግራል። የትኛው ዛፍ መቼ እንደሚያብብ፣ ረጅሙን ግንድ በምን ዘዴ እንደሚወጡት፣ ማሩ በጢስ እንዴት እንደሚቆረጥ የሚያውቀውም በዚያው መንገድ ላይ ነው።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ኮቦ በሕግ ፊት ቦታ አጣ። ሰዉ ግን ወሰኑን አልረሳም። ከሃያ ዓመት ያህል በኋላ በቦንጋ አካባቢ ነዋሪው በማኅበር ሆኖ ደን እንዲጠብቅ ሲደረግ፣ ይህ ጫካ የማን ነበር የሚለው ጥያቄ እንደ ገና ተነሣ። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የከፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ሲመዘግብም፣ ደኑ እስከዚያ የቆየው በከፊል በዚሁ ልማድ ነው ብለን እናምናለን።

ይሁን እንጂ አባቶች ያስተማሩት ሁሉ መልካም ነበር አንልም። ኮቦ በልማዱ የሚተላለፈው ለወንድ ልጅ ነው። ኑሯቸው ከጫካው ጋር እጅግ የተሳሰረው ማንጆዎች ደግሞ ተንቀው ኖረዋል፤ ከእነርሱ ጋር በአንድ ማዕድ አለመቅረብና አለመጋባት እንደ ዛፉ ስም ሁሉ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ትምህርት ነው፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። አጥኚው አንደኛውን ጽፎ ሁለተኛውን ቢተው ሥራው ጎደሎ ይሆናል።

ከዚያ አገር የመጡ ጓደኞቻችን በዕረፍት ጊዜ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የኮቦውን ወሰንና የዛፎቹን ስም በካፊኖኖ ቢመዘግቡ ትልቅ ሥራ ነው። ሽማግሌውን በቤቱ አስቀምጦ መጠየቅ ግን የሚበቃ አይመስለንም፤ ብዙው የሚታወሰው ዛፉ ሥር ሲደርስ ነውና አብሮ መሄድ ያስፈልጋል።